ደሙ የሚመሰክረው

አክራ ላይ አዋቂ ለልጅ የሚነግረው አንድ ታሪክ አለ። ድሮ፣ አንድ የአገር አለቃ ታሞ ከገጠር ወደ 37 ወታደራዊ ሆስፒታል መጣ ይላሉ። ብቻውን አልመጣም፤ የአገሩ የሌሊት ወፎች ሰማዩን ሞልተው አጅበውት መጡ። አለቃው ከተኛበት አልጋ ሳይነሳ አረፈ። ወፎቹ ግን «ጌታችን ሳይወጣ ንቅንቅ አንልም» አሉና በሆስፒታሉ ግቢ ዛፎች ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። ይኸው እስከ ዛሬ ደጁን ይጠብቃሉ።

የአለቃው ነገር አፈ ታሪክ ነው፤ ወፎቹ ግን እውነት ናቸው። ደረቁ ወቅት ሲገባ የጋና ዋና ከተማ መሀል ላይ ይሰፍራሉ፤ በበዙበት ጊዜ ቁጥራቸው እስከ አንድ ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። ከታች አስታማሚ ስንቅ ይዞ ይገባል፣ ታክሲ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ነርሶች ፈረቃ ይቀያየራሉ። ከላይ እነሱ ቁልቁል ተንጠልጥለው ሲገፋፉ፣ ሲንጫጩ፣ በሙቀቱ ክንፋቸውን ሲያራግቡ ይውላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፍሬ ፍለጋ በአንድነት ይነሳሉ፤ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ይመለሳሉ።

እንግዲህ ስሙኝ። የዛሬው ትረካ ስለነዚህ ወፎች ደም ነው። በዚያ ደም ውስጥ ስለተጻፈ ምስክርነት፣ ምስክርነቱን ለማንበብ ስለደከሙ ሰዎች፣ ነገሩም ዞሮ ዞሮ አዲስ አበባ ድረስ ስለመድረሱ። የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ከአክራ በስተ ምሥራቅ፣ በሌጎስ ደሴት ነው። ዓመቱ 1956፤ ናይጄሪያ ገና በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ናት። ቡልገር እና ፖርተርፊልድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በደሴቲቱ ላይ ከተያዙ ፍሬ በል የሌሊት ወፎች አንጎል ወስደው በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ሞከሩት። አይጦቹ ታመሙ፤ ሞቱ። አንጎሉ ውስጥ አንድ ገዳይ ነገር አለ ማለት ነው። ምንድን ነው? የእብድ ውሻ በሽታ እንዳይሆን ተብሎ ተጠረጠረ። ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታን ቫይረስ የሚያመክነው ፀረ-ሴረም ሲጨመርበት ቫይረሱ ምንም አልሆነም። ስለዚህ ስም ብቻ ተሰጠው፤ የሌጎስ የሌሊት ወፍ ቫይረስ ተባለ። ስም አገኘ፤ ዘመድ ግን አላገኘም። በዚህ ሁኔታ 14 ዓመት ተቀመጠ።

በመካከሉ፣ በ1968፣ እዚያው ናይጄሪያ ኢባዳን ውስጥ ሌላ ቫይረስ ተገኘ። ይህኛው የወጣው አፍንጫቸው ሾጣጣ ከሆነ፣ ነፍሳት ከሚበሉ፣ አይጥ ከሚመስሉ ትንንሽ እንስሳት ነበር። በተገኘበት ሰፈር ስም ሞኮላ ተባለ። ከሦስት ዓመት በኋላ አንዲት የ6 ዓመት ሕፃን በዚሁ ቫይረስ ሞተች።

በ1970 ሮበርት ሾፕና የሥራ ባልደረቦቹ ሁለቱን የአፍሪካ ቫይረሶች ጎን ለጎን አስቀምጠው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከቷቸው። ቅርጻቸው ያው የጥይት ቅርጽ ነው፤ ልክ እንደ እብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ። የሴረም ምርመራውም ዝምድናውን አረጋገጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዓለም የእብድ ውሻ በሽታን ብቸኛ፣ ወንድምም እህትም የሌለው አድርጎ ያስብ ነበር። ለካስ ቤተሰብ አለው። ዛሬ ሊሳቫይረስ የሚባለው ይህ ቤተሰብ ከ15 በላይ አባላት ተቆጥረውለታል፤ አብዛኞቹም የሚኖሩት በሌሊት ወፎች ውስጥ ነው።

ይህ ዝምድና የቤተ ሙከራ ወግ ብቻ ሆኖ እንዳይታያችሁ። የምንመካበት ክትባት፣ ፓስተር በ1885 ለዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ለጆሴፍ ማይስተር ከሰጠው ጀምሮ እስከ ዛሬው ድረስ፣ የተሠራው ከእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ነው። ለቅርብ ዘመዶቹም ይሠራል። ለምሳሌ አውስትራሊያ ውስጥ በ1996 ከአንድ ጥቁር ፍሬ በል የሌሊት ወፍ አዲስ ሊሳቫይረስ ተለየ። በዚያው ዓመት የሌሊት ወፎችን ትንከባከብ የነበረች ሴት በበሽታው ሞተች፤ በ1998 ሌላ ሴት፣ በ2013 ደግሞ የ8 ዓመት ልጅ ተከተሏት። ያን ቫይረስ በጊዜ የተወሰደ ክትባት ይከላከለዋል። የሌጎስና የሞኮላ ቫይረሶች ግን ራቅ ያለ ቅርንጫፍ ናቸው፤ ክትባቱም ሆነ ለተነከሰ ሰው የሚሰጠው ፀረ-ሴረም አይደርስባቸውም። የሌጎሱ ቫይረስ እስከ አሁን በሰው ላይ መገኘቱ አልተረጋገጠም። በውሻ፣ በድመት እና በሞንጉስ ላይ ግን ተገኝቷል። ከዱር ወደ ቤት የሚያስገባውን መንገድ ያውቀዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመልሳችሁ። እብድ ውሻ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ውሻው አፉ አረፋ ደፍቆ በሰፈር ሲሮጥ፣ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ በር ሲዘጉ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ተሾመ መባጽዮን የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 115 የእብድ ውሻ በሽታ ናሙናዎችን መረመሩ። ሁሉም በተለመደው ምርመራ ፖዘቲቭ የተባሉ ናቸው። ለብዙ ሰው ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። እሳቸው ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፦ የትኛው ቫይረስ? ሞኖክሎናል የሚባሉ፣ ዘመድን ከዘመድ አጥርተው የሚለዩ ፀረ-አካላትን ተጠቅመው አንድ በአንድ አጣሯቸው። 113ቱ የተለመደው ቫይረስ ሆኑ። ሁለቱ ግን ሌላ ነበሩ። አንዱ ከድመት የተወሰደ የሞኮላ ቫይረስ፣ ሌላው ከውሻ የተወሰደ የሌጎስ የሌሊት ወፍ ቫይረስ። ሁለቱም የተገኙት አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ጥናቱ በ1992 ታተመ።

እስቲ አስቡት። በሌጎስ ደሴት የሌሊት ወፍ አንጎል ውስጥ የተገኘው ቫይረስ፣ አዲስ አበባ ላይ በአንድ ውሻ ጭንቅላት ውስጥ ተገኘ። ከየት መጣ? ማን ሰጠው? ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ወደ ዱር መውጣት፣ ወፎቹን ራሳቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል። እንዴት ይጠየቃሉ?

አንደኛው መንገድ አንጎላቸውን ማየት ነው። ችግሩ፣ አንጎሉን ለማየት ወፉ መሞት አለበት። ደግሞም ቫይረሱ አንጎል ውስጥ የሚገኘው ወፉ በታመመበት አጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሺህ ጤነኛ መካከል አንድ ታማሚ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ሁለተኛው መንገድ ደማቸውን መጠየቅ ነው። ቫይረስ ወደ አካል ሲገባ ሰውነት ፀረ-አካል ይሠራል፤ ቫይረሱ ከጠፋ በኋላም ፀረ-አካሉ በደም ውስጥ ይቆያል። አያቶቻችን ፊት ላይ የነበረውን የፈንጣጣ ጠባሳ አስታውሱ። ጠባሳው በሽታውን ለማንም አያስተላልፍም፤ ሰውየው በሽታውን አግኝቶት እንደነበረና በሕይወት እንዳለፈ ግን ይናገራል። በሌሊት ወፍ ደም ውስጥ ያለው ፀረ-አካልም ምስክርነቱ ይኸው ነው።

እናም በ2007 የጋናና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አክራ ላይ መረባቸውን ዘረጉ።

ሥራውን ከቅርብ እንየው። መረቡ በጨለማ የማይታይ ስስ ክር ነው፤ በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ከፍ ተደርጎ ይወጠራል። ወፎቹ ከፍሬ ፍለጋ ሲመለሱ አንዷ ትያዛለች። የሚያወጣት ሰው አስቀድሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰደ መሆን አለበት፤ እጁ ላይ ወፍራም የቆዳ ጓንት አጥልቋል፤ ጥርሷ የማንጎ ልጣጭ የሚበሳ ነውና። አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ክሩን ከክንፏና ከጣቶቿ ላይ በትዕግሥት ይፈታል። ከዚያ በጨርቅ ከረጢት ትገባና ትመዘናለች፤ ከሩብ ኪሎ እምብዛም አትርቅም። የክንዷ አጥንት ርዝመት ይለካል፣ ፆታዋ ይጻፋል፣ ጥርሷ ታይቶ ዕድሜዋ ይገመታል። ክንፏ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 76 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በስሱ ቆዳ ውስጥ ደም ሥሮቿ ለዓይን ይታያሉ። ከክንፉ ጠርዝ ካለው ሥር በቀጭን መርፌ ጥቂት ደም ይቀዳል፤ ቢበዛ ከክብደቷ አንድ መቶኛው። ቀዳዳው ላይ ጥጥ ይደረጋል፤ ደሙ እስኪቆም ይያዛል። ከዚያ ትለቀቃለች። ክንፏን ዘርግታ ወደ ዛፏ ትመለሳለች።

ደሙ በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ተለይቶ ጥርት ያለው ሴረም ይወጣል። ምርመራው የተካሄደው እንግሊዝ አገር ዌይብሪጅ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ነው። ሴረሙ በ56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ይቆያል፤ ይህም ውጤቱን የሚያዛቡ ሌሎች ነገሮችን ያጠፋል። ቀጥሎ ደረጃ በደረጃ እየቀጠነ በትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ ይደረጋል። በየጉድጓዱ ሕያው የሌጎስ ቫይረስ ይጨመራል። ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ አብረው ከቆዩ በኋላ ቫይረሱ የሚበላቸው ሕዋሳት ይገቡና በ37 ዲግሪ ሙቀት ለ48 ሰዓት ይተዋሉ። በመጨረሻ የሚያበራ ቀለም ይፈስበትና በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጉድጓዱ አረንጓዴ ካበራ ቫይረሱ ሕዋሳቱን ወርሯል፤ ሴረሙ መከላከያ የለውም ማለት ነው። ጨለማ ከሆነ ግን በሴረሙ ውስጥ ያለው ፀረ-አካል ቫይረሱን አምክኖታል፤ ያቺ ወፍ ከዚህ ቫይረስ ጋር ተገናኝታ ታውቃለች።

ውጤቱ በ2008 ታተመ። የአክራዎቹ ወፎች ዝርያ ባለገለባ ቀለም ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ይባላል፤ ከእነሱ ከተመረመሩት መካከል 37 በመቶው ፀረ-አካሉ ነበራቸው። ከሌላ ፍሬ በል ዝርያ፣ ጋምቢያዊ ከሚባለው፣ የተገኘው 3 በመቶ ብቻ ነበር። ከባለገለባዎቹ ከሦስት ወፍ ከአንድ በላይ ቫይረሱን ቀምሳ በሕይወት ተርፋለች ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ከኬንያ ሌላ ጥናት ወጣ፤ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳየውም እሱ ነው። ተመራማሪዎቹ በ25 ቦታዎች 1,221 የሌሊት ወፎችን ሰበሰቡ። የሌጎስ ቫይረስ የተገኘው ከአንድ የሞተ ወፍ ብቻ ነው። ደሙ ሲጠየቅ ግን እንደየመንጋው ከ40 እስከ 67 በመቶ የሚሆኑት ባለገለባ ቀለም ወፎች ፀረ-አካሉን ተሸክመው ተገኙ። በዋሻ የሚኖሩት፣ ግብፃዊ የሚባሉት ፍሬ በሎችም ከ29 እስከ 46 በመቶ። አንጎል ሲጠየቅ ከሺህ አንድ፣ ደም ሲጠየቅ ግማሽ ያህሉ! ደሙ ባይጠየቅ ኖሮ ቫይረሱ ብርቅ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር።

የሞተው ወፍም የራሱን ተናግሯል። ቫይረሱ በምራቅ እጢውና በምላሱ በብዛት ተገኝቷል፤ በንክሻ እንደሚተላለፍ ይህ ያመለክታል። ከሁሉ የሚገርመው የቫይረሱ የዘር ሐረግ ነው። ከኬንያው ወፍ የወጣው ቫይረስ፣ በ1985 ሴኔጋል ውስጥ ከተገኘው ጋር ሊለያይ እስከማይችል ድረስ ተመሳስሏል። ከአህጉሩ ዳር እስከ ዳር፣ ከሃያ ዓመት በላይ ልዩነት፣ ያው ቫይረስ። ይህ እንዴት ይሆናል? ወፎቹ ስለሚጓዙ ነዋ! ዛምቢያ ውስጥ ካሳንካ በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ እስከ 10 ሚሊዮን የሚገመቱ ባለገለባ ቀለም ወፎች ይሰበሰባሉ። በሳተላይት ምልክት የተከታተሏቸው ሰዎች ከዚያ ተነስተው ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዙ አይተዋል። በ2013 የታተመ የዘር ጥናትም በአህጉሩ ያሉት እነዚህ ወፎች እርስ በርስ የሚጋቡ አንድ ትልቅ ሕዝብ መሆናቸውን አሳይቷል። ድንበር አያውቁም፤ ቫይረሳቸውም እንደዚሁ።

አክራ ላይ ሥራው ቀጠለ። በተመራማሪዎች ተይዘው፣ ደም ሰጥተው፣ የሬዲዮ ምልክት ታስሮላቸው የተለቀቁ ወፎች ፀረ-አካሉን ይዘው ለረጅም ጊዜ ሲኖሩ ታዩ። ፀረ-አካሉ ከወጣቶቹ ይልቅ በአዋቂዎቹ ዘንድ ይበዛል፤ ማለትም ዕድሜ ሲጨምር ከቫይረሱ ጋር የመገናኘት ዕድልም ይጨምራል። ቫይረሱ አልፎ አልፎ ብቅ የሚል እንግዳ ሳይሆን በመንጋው ውስጥ ነዋሪ ነው።

ደም ግን ሁሉን አይናገርም። የሌጎስና የሞኮላ ቫይረሶች ስለሚቀራረቡ አንዱን ለመከላከል የተሠራ ፀረ-አካል ሌላውንም ሊያመክን ይችላል፤ ስለዚህ ምርመራው የቤተሰቡን ስም እንጂ የግለሰቡን ስም ሁልጊዜ አይነግረንም። ፀረ-አካል ያላት ወፍ ዛሬ ቫይረስ ትረጫለች ማለትም አይደለም። በኬንያው ጥናት አንጎላቸው ካልተያዘ ወፎች አፍ ቫይረሱ አልተገኘም። ይህን ልዩነት ጠንቅቆ መያዝ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «የሌሊት ወፎች ግማሾቹ የእብድ ውሻ በሽታ አለባቸው» የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ የሚከተለው ይታወቃል። መጥረቢያና እሳት ነው።

መጥረቢያና እሳት ምን እንደሚያመጣ ኡጋንዳ አይታዋለች። በ2007 ኪታካ በሚባል የማዕድን ጉድጓድ የሚሠሩ ሰዎች በማርበርግ ቫይረስ ታመሙ። ማርበርግ ከሊሳቫይረሶች ጋር ዝምድና የለውም፤ ማደሪያው ግን ያው ግብፃዊው ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ነው። በጉድጓዱ የነበሩት ወፎች ተጨፈጨፉ። ነገሩ ያበቃ መሰለ። በ2012 ግን በአቅራቢያው ባለችው ኢባንዳ ወረርሽኝ ተነሳ። ወደ ጉድጓዱ የተመለሱት ወፎች ሲመረመሩ 13.3 በመቶው በቫይረሱ ተይዘው ተገኙ፤ ከጭፍጨፋው በፊት የነበረው 5.1 በመቶ ነበር። በሽታውን የተቋቋሙት አሮጌዎቹ ሲያልቁ ቦታቸውን የያዙት በሽታውን የማያውቁ አዲሶች ናቸው። መግደሉ አደጋውን ከእጥፍ በላይ አደረገው።

ከዚህም በላይ የምናጣው አለ። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ኦዱም ወይም ኢሮኮ የሚባል ውድ የሳንቃ ዛፍ አለ። ጋና ውስጥ የዚህን ዛፍ ዘር የሚበትነው ከሞላ ጎደል ይኸው ባለገለባ ቀለም የሌሊት ወፍ ነው። በአንድ ሌሊት ትንንሽ ዘሮችን በሆዱ ይዞ እስከ 75 ኪሎ ሜትር ሊያደርስ ይችላል። የተመነጠረ ጫካ እንዲያገግም ዘር የሚያመጣለት ሌላ ማን አለ? ሰው ደግሞ ይበላቸዋል፤ ጋና ውስጥ በዓመት ቢያንስ 128,000 ያህሉ ለሥጋ እንደሚሸጡ ተገምቷል። አዳኙ ሲይዝ ይነከሳል፣ አብሳይዋ ስታርድ ደሙ እጇን ይነካል። እውነተኛው የመገናኛ በር ይህ ነው፤ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ወፍ ከዛፉ ሥር የሚያልፍን ሰው ምንም አያደርገውም።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። የሌሊት ወፍን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ወድቃ ያገኛችኋትን ደግሞ በተለይ፤ የታመመችው ናት መሬት የምትወድቀው። ልጆቻችሁን ይህን አስተምሩ። ውሻም ይሁን ድመት፣ የሌሊት ወፍም ይሁን ሌላ አውሬ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠበው፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን ይውሰድ። ክትባቱ ሁሉንም ዘመዶች ባይደርስባቸውም፣ ዋናውን ገዳይ ይደርስበታል፤ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚገመቱ ሰዎችን የሚገድለው እሱ ነው፤ ሰዎቹን ከመቶ 99 ጊዜ የሚነክሳቸውም ውሻ ነው። ውሾቻችሁን አስከትቡ።

ለተቋሞቻችንም የምለው አለኝ። ያ የአዲስ አበባ ውሻ ጉዳይ የታወቀው ፖዘቲቭ በሚለው ቃል ያልረካ ሰው ስለነበረ ነው። የናሙናዎቹ ቁጥር 115 ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ሌላ ሆነው ተገኙ። በየዓመቱ ስንት የውሻና የድመት ጭንቅላት «እብድ ውሻ ነው» ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል? የትኛው ቫይረስ እንደሆነ የሚጠይቅ መሣሪያ፣ ዱር ወጥቶ ደም ቀድቶ ወፏን በሰላም የሚለቅ የሠለጠነ ባለሙያ፣ ለሁለቱም የሚሆን በጀት ያስፈልገናል። ለሌጎስና ለሞኮላ ቫይረሶች የሚሆን ክትባት የሚሠራው ቫይረሱ የት እንዳለና ምን ያህል እንደሚዘዋወር ማስረጃ ሲቀርብ ነው። ማስረጃው ደግሞ እኛው አህጉር ላይ፣ በየከተማችን ዛፍና በየዋሻችን ነው ያለው። ሌላ ሰው ሞቶ እስኪያስተምረን መጠበቅ የለብንም፤ ምስክሮቹ በሕይወት አሉ፤ የሚጠይቃቸው ሰው እንላክ።